የድሮ መኪናና የጥገና ማኑዋሉ፦ የትኛው መጽሐፍ ነው የሚበጀን?

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጭ ያሉ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር ውስጥ እንደማይገቡ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ የመኪና ወሬ ሁሉ ስለ ባትሪና ስለ ቻርጅ ሆኗል። ውሳኔው ግን ሌላም ነገር አስከትሏል። አሮጌው የቤንዚን መኪና እንደ ቀድሞው በቀላሉ የሚተካ አይደለም። ያለው ሰው ይዞት ይቆያል፤ እየጠገነ ይነዳዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ከሾፌሮቻቸው በዕድሜ የሚበልጡ መኪኖች ዛሬም ጠዋት ጠዋት ሥራ ይገባሉ። ቮልስ አለ፣ ላዳ አለ፣ ፔጆ 404 አለ፣ ዲኤክስ አለ።

በእነዚህ መኪኖች እጃቸውን ያፍታቱ መካኒኮች ግን ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። እውቀቱ ያለው እነሱ ዘንድ ነው። ከእነሱ ሌላ ያለው ደግሞ የጥገና ማኑዋል በሚባለው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ስለ ማኑዋል የሚባለው ብዙ ነው። አንዱ ከመኪናው ጋር የመጣችው ቀጭን መጽሐፍ ትበቃለች ብሎ ያስባል። ሌላው «ቴሌግራም ላይ በነፃ ሞልቷል» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «መካኒኬ ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራዋል፤ መጽሐፍ ምን ያደርግልኛል?» ይላል። ሁሉም ትንሽ እውነት አላቸው። አንድ በአንድ እንያቸው።

ምሳሌ የማደርገው ቮልስን ነው። ጀርመኖች የጀመሩት ይህ መኪና እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ላይ ምርቱ ሲቆም 21,529,464 ደርሶ ነበር። ለእኛም እንግዳ አይደለም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነው። ብዙ ስለተጻፈበት፣ ማኑዋል ምን እንደሚሠራ ለማሳየት ከእሱ የተሻለ መኪና የለም።

ማኑዋል ሲባል የትኛው ነው?

በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት የተለያዩ መጻሕፍት አሉ። የመጀመሪያው የባለቤት መመሪያ ነው። መኪናው አዲስ ሆኖ ሲሸጥ ኪሱ ውስጥ ይቀመጣል። የዘይቱን መጠን፣ የጎማውን ንፋስ፣ የመብራቱን ማብሪያ ይናገራል። የቮልስ ሞተር 2.5 ሊትር ዘይት እንደሚወስድ እዚያ ታገኛላችሁ። ሞተሩን እንዴት እንደምትፈቱ ግን አንድ ቃል አይነግራችሁም።

ሁለተኛው የወርክሾፕ ማኑዋል ነው። ፋብሪካው ለራሱ መካኒኮች የሚያዘጋጀው ይህ ነው። ወፍራም ነው። የቮልስ ፋብሪካ ቀድሞ የሚያወጣው ገጾቹ በሚፈቱ ማኅደር እየተጠረዘ ነበር። አሠራር ሲቀየር አዲስ ገጽ ይላክና አሮጌው ይወጣል። እያንዳንዱን ክፍል እንዴት መፍታት፣ መለካትና መግጠም እንደሚገባ ደረጃ በደረጃ ይናገራል።

ሦስተኛው የፓርት ካታሎግ ነው። መኪናውን በሥዕል ይበታትነዋል፤ ለእያንዳንዱ ዳዶና ጓርኒሲዮን ቁጥር ይሰጠዋል።

በጓዳ ቋንቋ ላስቀምጠው። የባለቤት መመሪያው እንጀራው እንዴት እንደሚቀርብ ይነግራችኋል። ወርክሾፕ ማኑዋሉ ከሊጡ ጀምሮ እንዴት እንደሚጋገር ያሳያል። ካታሎጉ ምጣዱን፣ አክንባሎውንና ሰፌዱን በስም ይዘረዝራል። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ካታሎጉን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሲወርዱ ግን ከሦስቱ ሁሉ ቶሎ የሚጠቅመው እሱ ነው። የቮልስ ዕቃ ቁጥር ሦስት ሦስት ሆኖ የተከፈለ ዘጠኝ አኃዝ አለው። የመጀመሪያው ሦስት አኃዝ ዕቃው በመጀመሪያ የተሠራበትን ሞዴል ይነግራል። ከመሃለኛው ሦስት የፊተኛዋ አኃዝ ዕቃው ከየትኛው የመኪናው ክፍል እንደሆነ ትናገራለች። 1 ሞተር ነው፣ 2 ነዳጅና ማርሚታ፣ 3 ካምቢዮ፣ 4 የፊት እግር፣ 5 የኋላ እግር፣ 6 ጎማና ፍሬን፣ 7 ፔዳልና የእጅ ፍሬን፣ 8 ቦዲ፣ 9 ኤሌክትሪክ። መጨረሻ ላይ ፊደል ካለ ዕቃው ተሻሽሏል ማለት ነው። ሻጩ «ይሄ ለሁሉም ቮልስ ይሆናል» ሲላችሁ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቡ። ከሻጩ ይልቅ ቁጥሩን እመኑ።

መካኒኬ ያውቀዋል፤ መጽሐፍ ለምን?

ጎበዝ መካኒክ የሚያውቀውን መጽሐፍ አያስተምርም። የሞተርን ድምፅ ሰምቶ በሽታውን መለየት፣ የዛገ ብሎን ሳይሰበር ማውጣት፣ ይህ የእጅ እውቀት ነው። መጽሐፉ የሚበልጠው ቁጥር ላይ ነው። ቁጥር ደግሞ ከመኪና መኪና፣ ከዓመት ዓመት ይለያያል። በቀን አምስት ዓይነት መኪና የሚጠግን ሰው ሁሉንም በቃሉ ይያዝ ማለት ግፍ ነው።

የቫልቭ ክፍተትን እንይ። ቫልቭ አየርና ቤንዚን የሚያስገባ፣ ጭስ የሚያስወጣ በር ነው። በሩን የሚገፋው ክንድ ከቫልቩ ጫፍ ጋር ተጣብቆ መኖር የለበትም፤ ትንሽ ክፍተት ያስፈልገዋል። በኋለኞቹ የቮልስ ሞተሮች ይህ ክፍተት 0.15 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ ከጠበበ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም። ቫልቭ ሙቀቱን የሚያስወግደው ተዘግቶ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ስለሆነ፣ የማይዘጋ የጭስ ቫልቭ እየተቃጠለ ይሄዳል። ክፍተቱ ከሰፋ ደግሞ ሞተሩ ይንኳኳል፤ በሩ በሚገባው መጠን ስለማይከፈት ጉልበት ይቀንሳል። ክፉው ነገር፣ የሚንኳኳው ሞተር ሰውን ያስደነግጣል፤ ቫልቩ የጠበበው ሞተር ግን ጸጥ ብሎ ነው የሚቃጠለው።

መጽሐፉ ይህን ሥራ እንዲህ ያስኬደዋል። ሞተሩ መቀዝቀዝ አለበት፤ አዳር የቆመ መኪና ይመረጣል። ግራና ቀኝ ያሉት የቫልቭ ክዳኖች ይነሳሉ። እሳቱን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ይከፈታል። ቺንጋው የሚያርፍበት ፑሊ ላይ ያለው ምልክት የሞተሩ አካል ሁለት ግማሾች ከሚገጥሙበት መስመር ጋር እስኪገናኝ ድረስ ሞተሩ በእጅ ይዞራል። በዚያው ሰዓት የዲስትሪቢዩተሩ ሮተር ጠርዙ ላይ ወዳለችው ትንሽ ጭረት ማመልከት አለበት። ያኔ የአንደኛው ሲሊንደር ተራ ነው። ውፍረቷ 0.15 የሆነችው የመለኪያ ብረት በክፍተቱ ውስጥ ትንሽ እየያዛት ማለፍ አለባት። ካልሆነ ዳዶው ይላላል፤ ብሎኑ በካቻቢቴ ይስተካከላል፤ ዳዶው ይጠብቃል፤ እንደገና ይለካል። ከዚያ ፑሊው ወደ ኋላ ግማሽ ዙር ይዞራል፤ ሁለተኛው ሲሊንደር ይመጣል። ወደ ኋላ የሚዞረው በምክንያት ነው። በቮልስ ሞተር እሳት የሚነሳው 1፣ 4፣ 3፣ 2 በሚል ተራ ስለሆነ፣ ወደ ኋላ ሲዞር 1፣ 2፣ 3፣ 4 ሆኖ በቅደም ተከተል ይደርሳል። አንድ ጊዜ ከመጽሐፍ ያየው ሰው አይረሳውም። ያላየው ግን ዕድሜ ልኩን በግምት ያዞራል።

ሌላው የማጥበቅ ኃይል ነው። ጋራዥ ውስጥ «ቶርክ» የሚባለው ይኸው ነው፤ አንድ ዳዶ በምን ያህል ጉልበት ይጥበቅ የሚለው ልክ። የቮልስ የኋላ ጎማን አክስል የሚይዘው ትልቁ ዳዶ 30 ኪሎግራም ሜትር ይፈልጋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሜትር በሚረዝም ዘንግ ጫፍ ላይ ሙሉ ክብደቱን ቢያሳርፍ የሚገኘው ኃይል ያ ነው። ይህ በተራ ቁልፍ የሚሆን ነገር አይደለም። ዳዶው ከላላ የጎማው ከበሮ አክስሉ ላይ እየተንቀሳቀሰ ጥርሱን ይበላዋል። ሌላ ትንሽ ነገርም አለች። ዳዶው በኃይሉ ልክ ጠብቆ የመቆለፊያዋ ሽቦ ቀዳዳ ካልገጠመ፣ እስኪገጥም ተጨማሪ ይጠብቃል እንጂ አይላላም። መጽሐፉ ይህን በአንድ መስመር ያስቀምጠዋል።

ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የሚያጠፋው ከመጠን በላይ ማጥበቅ ነው። በቀድሞዎቹ ሞተሮች ቴስታታውን የሚይዙት ዘንጎች 10 ሚሊሜትር ውፍረት ነበራቸው፤ ኃይላቸው 3.2 ኪሎግራም ሜትር ነው። በኋላ ወደ 8 ሚሊሜትር ቀጠኑ፤ ኃይሉም ወደ 2.5 ወረደ። የቀድሞውን ልክ በኋለኛው ላይ የተጠቀመ ሰው ቀጭኑን ዘንግ ከአሉሚኒየሙ አካል ነቅሎ ሊያወጣው ይችላል። ሰውየው ሥራውን ያውቃል፤ ያሳሳተው የሌላ ዓመት ቁጥር ነው።

የእኔ መኪና የትኛው ዓመት ነው? ሊብሬው ላይ አለ እኮ

መጽሐፍ ገዝቶ የማይገጥምለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የእኛ የዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያል። «የ60 ቮልስ ነው» ሲባል በየትኛው አቆጣጠር? እ.ኤ.አ. 1960 ከሆነ 30 የፈረስ ጉልበት ያለው አሮጌው ሞተር ሊሆን ይችላል። 1960 ዓ.ም. ከሆነ ግን እ.ኤ.አ. 1967 ወይም 1968 ነው፤ መኪናው ሌላ ነው ማለት ይቻላል። ሞተሩ ይለያል፣ ኤሌክትሪኩ ይለያል፣ መከላከያው እንኳ ይለያል። ለአንዱ የተጻፈ መጽሐፍ ለሌላው አይሆንም።

ትክክለኛው መልስ የሻንሲ ቁጥሩ ላይ ነው። ቮልስ ላይ የኋላ ወንበሩን ስታነሱ መሃል ላይ በሚያልፈው ጉብታ ብረት ላይ ተቀርጿል። የ1965 ሞዴል ከወጣ ጀምሮ ቁጥሩ ራሱ ዓመቱን ይናገራል። 118 ብሎ የሚጀምር ባለ ዘጠኝ አኃዝ ቁጥር ካገኛችሁ፣ 11 የቮልስ ዓይነት ነው፤ 8 ደግሞ የ1968 ሞዴል ማለት ነው። ከ1970 ሞዴል ወዲህ ቁጥሩ አሥር አኃዝ ሆነ፤ በአራተኛው ቦታ 2 ገባች። ስለዚህ 113 2 ብሎ የሚጀምር መኪና የ1973 ሞዴል ነው። እነዚህ ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፋብሪካው የሞዴል ዓመቱን የሚቀይረው በነሐሴ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1967 የተሠራ ቮልስ የ1968 ሞዴል ነው። መጽሐፉ «ከነሐሴ 1967 ጀምሮ» ሲል ይህን ማለቱ ነው።

ሻንሲው ዓመቱን ነገረን ማለት ግን ጨረስን ማለት አይደለም። በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ሞተሩ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ በቮልስ ደግሞ ሞተር መቀየር ቀላል ነው። የሞተሩ ቁጥር ዲናሞው የሚቀመጥበት እግር ሥር ላይ ተቀርጿል። የሚጀምረው በፊደል ነው። «ዲ» ከሆነ ባለ 1200 ሲሲ ነው፣ «ኤፍ» ከሆነ ባለ 1300፣ «ኤች» ባለ 1500፣ «ኤዲ» ባለ 1600። ሻንሲው የ1965፣ ሞተሩ የ1972 የሆነ መኪና ሁለት መጽሐፍ ሊፈልግ ይችላል። አንዱ ለፍሬኑና ለእግሩ፣ ሌላው ለሞተሩ። ሁለቱን ቁጥሮች ጽፋችሁ ያዙ፤ መጽሐፍ የሚፈለገው ከዚያ በኋላ ነው።

ዘመድ ከአሜሪካ ቢልክልኝ ይሆናል?

አሮጌ ማኑዋል አሜሪካ ውስጥ ማግኘት ቀላል ስለሆነ ብዙዎቻችን ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ያለ ዘመድ እንዲልክልን ወይም ሲመጣ እንዲይዝልን እንለምናለን። ጥሩ መንገድ ነው። ግን የአሜሪካው መጽሐፍ የሚናገረው ለአሜሪካ ገበያ ስለተሠራው መኪና ነው።

ለአሜሪካ የተላኩት ቮልሶች ከነሐሴ 1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 12 ቮልት ሆነዋል። በአውሮፓ ዋናዎቹ ሞዴሎች ከአንድ ዓመት በኋላ ነው የተከተሉት፤ ርካሹ 1200 ደግሞ በ6 ቮልት ቆይቷል። የአሜሪካውን የሽቦ ሥዕል ይዞ የ6 ቮልት መኪና ላይ የሚሠራ ኤሌክትሪሺያን አምፖልና ሪሌ ላይ ይሳሳታል። የኋለኞቹ የአሜሪካ ሞዴሎች ጭስ ለመቀነስ የተጨመሩ ቱቦዎችና ቫልቮች አሏቸው፤ እኛ ጋ ባለው መኪና ላይ ላይኖሩ ይችላሉ። የሞተሩ ውስጥ ሥራ፣ ካምቢዮው፣ አብዛኛው የፍሬን ሥራ ግን አንድ ነው። ስለዚህ የአሜሪካው መጽሐፍ ይጠቅማል፤ ኤሌክትሪክና ካርቡራተር (ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ላይ ስትደርሱ ግን ቆም ብላችሁ አረጋግጡ። ምርጫ ካላችሁ በእንግሊዝ አገር የታተመውን አስፈልጉ።

መለኪያውም ይለያል። የአሜሪካው መጽሐፍ በኢንችና በፓውንድ ፉት ይጽፋል። 1 ኪሎግራም ሜትር 7.23 ፓውንድ ፉት ነው፤ በአዲሱ መለኪያ ደግሞ 9.8 ኒውተን ሜትር። የ30 ኪሎግራም ሜትሩ ዳዶ በአሜሪካው መጽሐፍ 217 ፓውንድ ፉት ሆኖ ብታዩት አትደንግጡ።

ፋብሪካው ካልጻፈው ማን ይጽፈዋል?

የፋብሪካው ማኑዋል የተጻፈው ለሠለጠነ ሰው ነው። «በልዩ መሣሪያ ቁጥር እንዲህ ፍታ» ይላችሁና ያልፋል። መሣሪያው ከሌላችሁስ? ከፋብሪካው ውጭ የሚታተሙት ማኑዋሎች የተወለዱት ከዚህ ጥያቄ ነው።

ከእነዚህ ዋነኛውን የጀመረው እንግሊዛዊው ጆን ሄይንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በእንግሊዝ አየር ኃይል ውስጥ ሆኖ ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ኤደን ላይ ነበር። አንድ ባልደረባው ኦስቲን ሂሊ ስፕራይት የምትባል ትንሽ መኪና ገዝቶ እንድትታደስ ፈለገ። የፋብሪካው መጽሐፍ ለተራ ሰው እንደማይሆን ሄይንስ ያኔ አየ። ሞተሩን ፈታ፣ እንደገና ገጠመ፣ እያንዳንዱን ደረጃ በፎቶ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1966 በዚያ መንገድ የተሠራው የመጀመሪያ ማኑዋል ወጣ። 3,000 ቅጂ ሦስት ወር ሳይሞላ አለቀ። መኪናን ገዝቶ መፍታት፣ መግጠምና እያነሱ መጻፍ የድርጅቱ አሠራር ሆኖ ቀጠለ።

የእነዚህ መጻሕፍት ጥንካሬ በቤት ውስጥ ባለ መሣሪያ ምን እንደሚሆን መናገራቸው ነው። ድክመታቸው ብዙ ዓመትና ብዙ ሞዴል በአንድ ሽፋን መጠቅለላቸው ነው። የእናንተ መኪና ልዩነት በትንሽ ፊደል፣ በግርጌ ልትጻፍ ትችላለች። የፋብሪካው ደግሞ ጥልቅ ነው፤ ሲያነቡት ግን ይከብዳል። ገንዘብ ለአንድ ብቻ ከሆነ፣ ራሱ ለሚፈታ ሰው ከፋብሪካው ውጭ የታተመውን እመክራለሁ። ጋራዥ ለሚወስድ ሰው ደግሞ የፋብሪካውን፤ መካኒኩ ቁጥሩን ቶሎ ያገኘዋል።

መጽሐፉን ገዛሁት። የእኔ ነው ማለት ነው?

የወረቀቱ ቅጂ የእናንተ ነው። ትሸጡታላችሁ፣ ታውሱታላችሁ፣ ለልጅ ታወርሱታላችሁ። ውስጡ ያለው ጽሑፍና ሥዕል ግን የአዘጋጁ ነው። መኪናው 50 ዓመት ስለሞላው ብቻ መጽሐፉ የማንም አይሆንም።

እኛ አገር ይህን የሚገዛው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አዋጁ የሚጠብቀው አገላለጹን ነው፤ ሐሳብን፣ የአሠራር ዘዴንና ተራ መረጃን አይጠብቅም። በቀላሉ ስናየው 0.15 የሚለው ቁጥር የማንም ንብረት አይደለም። ደብተራችሁ ላይ ብትጽፉት፣ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ብትለጥፉት፣ ለጓደኛ በስልክ ብትነግሩት የሚከለክል የለም። ሙሉውን መጽሐፍ ስካን አድርጎ ለሺህ ሰው መበተን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ማንሳትና ማሠራጨት በሕግ ፊት አንድ አይደሉም።

ሕጉን ትተን ሥራውን ብቻ ብናይ እንኳ፣ ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ፋይል ችግር አለው። የሚታጠፉት ትልልቅ የሽቦ ሥዕሎች ስካን ሲደረጉ ግማሻቸው ይቆረጣል። ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ ገጾች ይጎድላሉ፤ የታተመበት ዓመትና የሚሸፍናቸው ሞዴሎች የተጻፉት ደግሞ እዚያው ነው። 3 እና 8 የማይለይበት የደበዘዘ ገጽ ላይ ቶርክ ማንበብ አደጋ ነው።

ለአዳዲስ መኪኖች ደግሞ መጽሐፍ መግዛት የሚባለው ነገር ራሱ እየቀረ ነው። አምራቾቹ መረጃውን በኢንተርኔት ያከራያሉ፤ ለአንድ ሰዓት፣ ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ዓመት ይከፈላል። ጊዜው ሲያልፍ እጃችሁ ላይ የሚቀር የለም። ለዚህ ነው በአንዳንድ አገሮች የመጠገን መብት የሚባለው ክርክር የተነሳው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ደንብ አምራቾች መረጃውን ለግል ጋራዦችም እንዲያቀርቡ አስገድዷል። አሜሪካ ውስጥ የማሳቹሴትስ መራጮች በ2012 ተመሳሳይ ሕግ በድምፃቸው አጽድቀዋል። እነዚህ ሕጎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለተሠራ መኪና አልተጻፉም። የድሮ መኪና ባለቤት ዕድለኛ የሆነበት ነገር፣ የእሱ መኪና ማኑዋል የወጣው መረጃ በወረቀት በሚሸጥበት ዘመን መሆኑ ነው።

መጽሐፉ የሚለው ሁሉ ለእኛ ይሠራል?

አይሠራም፤ የት የት ላይ እንደማይሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። የድሮ ካርቡራተር ይህን አያውቅም። አየሩ ሲሳሳ እሱ ቤንዚኑን ያንኑ ያህል አይቀንስም። ውጤቱ የበዛ ቤንዚን ነው፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይከብዳል፣ ዳገት ላይ ይደክማል። መጽሐፉ ላይ ያለው የካርቡራተር ልክ የወጣው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። እዚህ ያለ መካኒክ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ በአንድ ደረጃ ቢያጠባት መጽሐፉን አልተቃወመም፤ ለአገሩ አየር አስተካከለው እንጂ። አዳማ ወይም ድሬዳዋ የሚኖር ሰው ይህን ከአዲስ አበባ መካኒክ እንዳለ መቅዳት የለበትም።

ሁለተኛው መጽሐፉ ከታተመ በኋላ የተለወጠው ነው። የቫልቭ ክፍተቱን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በወጡ ብዙ እትሞች የምታገኙት 0.10 ነው። ፋብሪካው በኋላ ራሱ ወደ 0.15 አሳደገው። የድሮውን እትም የያዘ ሰው በቅን ልቦና ቫልቩን ያጠባል። ስለዚህ የእትሙን ዓመት እዩ፤ ለአንድ ሞተር ሁለት መጽሐፍ የተለያየ ቁጥር ከሰጡ፣ ዘግይቶ የታተመውን ተከተሉ።

ሦስተኛው ጤና ነው፤ ይህን በቀላሉ እንዳታልፉት። የድሮ ማኑዋል የፍሬኑን አቧራ በአየር ንፉት ሊል ይችላል። የዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ ግን አስቤስቶስ ነበረበት። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይቀራል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። የድሮ መኪና ፍሬን ስትከፍቱ በአየር አይነፋም፣ በደረቅ ብሩሽም አይጠረግም። በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳል፤ ጨርቁ ላስቲክ ውስጥ ታስሮ ይጣላል። ጋራዥ ውስጥ የሚላላኩ ልጆች ናቸው ይህን አቧራ የሚጠርጉት። ንገሯቸው።

ቮልስ የሌለኝስ?

መንገዱ ያው ነው፤ መጀመሪያ ቁጥር፣ ከዚያ መጽሐፍ። አንዳንድ መኪና ግን የራሱ ወጥመድ አለው። ሰማያዊና ነጭ የነበሩት የአዲስ አበባ ላዳ ታክሲዎች መሠረታቸው ፊያት 124 ነው። ከዚህ ተነስቶ የፊያቱን ማኑዋል ለላዳ የሚገዛ ሰው አለ። ለቦዲው ይረዳው ይሆናል። ሞተሩ ላይ ግን ይሳሳታል። ሶቪየቶቹ እ.ኤ.አ. በ1970 ቶሊያቲ ላይ ማምረት ሲጀምሩ ቫልቭ የሚገፋውን ዘንግ ከሞተሩ ሆድ አውጥተው ቴስታታው ላይ አድርገውታል። የኋላውን የዲስክ ፍሬን በከበሮ ቀይረዋል። የቫልቭ አሠራሩም የፍሬን ምዕራፉም አይገጥምም። ለላዳ የላዳ መጽሐፍ ነው የሚያስፈልገው፤ በእንግሊዝኛ የታተመ አለ።

ቶዮታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሞተሩን ለብቻው፣ ሻንሲውንና ቦዲውን ለብቻው በተለያየ ጥራዝ ያወጣል። ዲኤክስ ያለው ሰው ሻጩን «የኮሮላ ማኑዋል አለህ?» ብሎ ከጠየቀ ግማሹን ብቻ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ሞተሩ ላይ የተጻፈውን ኮድ፣ ለምሳሌ 4ኬ የሚለውን፣ ጨምሮ ይጠይቅ። የሞተሩ ጥራዝ የሚወጣው በዚያ ኮድ ስም ነው።